ውሃ ስላበላሸው የንግድ ቤትና ስለ ኢንሹራንስ ካሳ

ውሃ የሕይወት መሠረት መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ዳሩ ግን መንገዱን ስቶ በገባበት ቤት ውስጥ የሚያደርሰው ጥፋት ከእሳት ጥፋት ብዙ አያንስም። እሳት በተነሣ ጊዜ ጢሱ ይታያል፥ ጩኸት ይሰማል፥ ጎረቤትም ባልዲውን ይዞ ይደርሳል። ውሃ ግን በቆርቆሮ ቀዳዳ፥ በተሰነጠቀ ግድግዳ ወይም በላላ የቧንቧ መጋጠሚያ ድምፁን ሳያሰማ ይገባና ሌሊቱን ሙሉ ሲያበላሽ አድሮ፥ ባለቤቱ ጧት መዝጊያውን በከፈተ ጊዜ ብቻ ሥራውን ያሳያል። በዚያን ጊዜ የጤፉ ጆንያ ርሷል፥ ስኳሩ ቀልጧል፥ ሲሚንቶው መጠጠር ጀምሯል፥ ጨርቁም ቀለሙን ለቋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ ሁለት ነው፤ አንደኛው ቤቱንና የተረፈውን ዕቃ ከተጨማሪ ጥፋት ማዳን፥ ሁለተኛውም ለጠፋው ካሳ መጠየቅ ነው። ሁለቱም ጊዜ የማይሰጡ ሥራዎች ናቸው፤ በደኅና የሚፈጽማቸውም ዝናሙ ከመምጣቱ አስቀድሞ የተዘናዳ ሰው ነው።

ይህ ነገር እንደ ሐይቅ ላለ ከተማ በብዙ ይጠቅማል። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የሚገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ነው። በዚያው መንገድ ወደ ፊት የሚዘልቅ ሰው የአምባሰልን አገርና የውጫሌን ከተማ ያገኛል። ከተማውን ስሙን የሰጠው ሐይቅ በተራራዎች መካከል ያለ ነው፤ ወደ ውጭ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው በዙሪያው ካለው ቁልቁለት የሚወርደው ውሃ ሁሉ ወደ እርሱ ይሰበሰባል። ደቡብ ወሎም በበልግና በክረምት፥ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናም የሚያገኝ አገር ነው፤ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ዝናም ብርቱ ነው። እንግዲህ በዳገትና በሐይቅ መካከል፥ በመንገድ ዳር በተሠራ የንግድ ቤት ውስጥ ዕቃውን ያስቀመጠ ነጋዴ ውሃ አይደርስብኝም ብሎ ሊዘናጋ አይችልም።

ከዚህም በቀር ነገሩ የነጋዴዎች ብቻ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቶች ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ፤ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በመጋዘን ያስቀምጣሉ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም በቅጥራቸው ዙሪያ ሱቆች አሠርተው ከኪራዩ ገቢ ለአገልጋዮች ደመወዝና ለመብራት፥ ለዕጣንና ለጧፍ ወጪ ያደርጋሉ። ስለዚህ አንድ ጣራ ባፈሰሰ ጊዜ የሚጎዳው አንድ ቤተ ሰብ ብቻ ሳይሆን፥ በዚያ ቤት ገቢ የሚተዳደረው ማኅበር ሁሉ ነው።

ውሃ ወደ ንግድ ቤት የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኛው ከላይ የሚመጣው ነው፤ ሚስማሩ የዛገ ቆርቆሮ፥ በቅጠልና በአፈር የተደፈነ አሸንዳ፥ እንዲሁም የውሃ መውረጃው የተዘጋ የሲሚንቶ ጣራ በረዶና ኀይለኛ ዝናም በመጣ ጊዜ ውሃውን ወደ ውስጥ ይመልሳሉ። ሁለተኛው ከውጭ በጎርፍ የሚገባው ነው፤ ወለሉ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ቤት የመንገዱ ቦይ በተደፈነ ጊዜ ራሱ ቦይ ይሆናል። ሦስተኛው ከቤቱ ከራሱ የሚነሣ ነው፤ የፈነዳ ቧንቧ፥ ተንሳፋፊ መዝጊያው የተበላሸ ሮቶ፥ ውሃ በጠፋ ጊዜ ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ በአንድ ሌሊት ከላይኛው ፎቅ እስከ ታችኛው ያለውን ሱቅ ሁሉ ያጥለቀልቃል። አራተኛው ከመሠረቱ ቀስ እያለ የሚወጣው እርጥበት ነው፤ ይህም ልስኑን እያስለቀቀ፥ የጭቃ ግድግዳ ከሆነም ሥሩን እያላላ ሕንፃውን ያደክማል። እሳት ለማጥፋት የተረጨ ውሃ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ በልማድ ከእሳቱ ጉዳት ጋራ አብሮ የሚቈጠር ነው። ይህን ሁሉ ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው ለጥገናው ብቻ አይደለም፤ ኢንሹራንስ ሰጪው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ውሃው ከየት መጣ? በድንገት ነውን ወይስ ቀስ በቀስ?» የሚል ስለ ሆነ ነው።

ኢንሹራንስ ወይም መድን የሚባለው ሥራ በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ ኢንሹራንስ ይሰጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የኢንሹራንስን ውል በዝርዝር ደነገገ። በ1967 ዓ.ም. 13 የነበሩት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንዲቋቋሙ በሩን ከፈተ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ በታወጀ ጊዜም የ1952ቱ ሕግ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍል አልተሻረም። የኢንሹራንስ ሐሳቡ ራሱ ለሕዝቡ የቆየ ነው፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ይህን የመሰለውን ነገር ሲገልጥ ነው። ብዙ ሰዎች አረቦን የሚባለውን ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከእነርሱ መካከል ጉዳት የደረሰበት ሰው ከተዋጣው ይካሳል። በዕድር ሲረዳዳ የኖረ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

የሚያስቸግረው ግን የውሉ ቃል ነው። ብዙ ነጋዴዎች ኢንሹራንስ የሚገቡት ከባንክ ገንዘብ ሲበደሩ ባንኩ ስለሚያስገድዳቸው ነው። በዚህ ጊዜ የሚገቡት ውል ብዙውን ጊዜ የቃጠሎና የመብረቅ ውል ነው። በዚህ ዐይነት ውል ውስጥ ጎርፍ፥ ዐውሎ ነፋስ፥ የቧንቧ መፈንዳትና የውሃ ማጠራቀሚያ መፍሰስ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው በግልጥ ካልተጨመሩ በቀር አይገኙም። ባለ ሱቁ ግን «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ በሰላም ይተኛል። ውሃው በገባ ማግስት ወደ ኩባንያው በሄደ ጊዜ «ውልህ ስለ እሳት እንጂ ስለ ውሃ አይናገርም» የሚል መልስ ሲሰጠው እንደ ተከዳ ይቈጥረዋል። በእውነቱ ግን የከዳው ሳያነብ የፈረመው ፊርማ ነው።

ስለ ውል ቃል ጥንቃቄ ከአምባሰል ሰው የበለጠ ምስክር ሊኖረው የሚችል የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የተደረገው ውል የተፈረመው በዚሁ አገር በውጫሌ ነው። የዚያ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ጽሑፍ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለምታደርገው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመጠቀም ይቻላታል የሚል ሲሆን፥ በኢጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ ሆኖ ተጽፎ ተገኘ። ከአንድ ግሥ መለያየት የተነሣው ክርክር እስከ ዐድዋ ጦርነት ደረሰ። የሱቅ ውል ከመንግሥታት ውል ጋራ በክብደት የሚተካከል ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። የኢንሹራንስ ውል ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ስለሚሰጥ፥ ቋንቋውን የማያውቅ ነጋዴ ከመፈረሙ በፊት በሚያውቅ ሰው ማስተርጐም፥ የተሸፈነውን አደጋ ብቻ ሳይሆን ያልተሸፈነውንም በዝርዝር ማስነበብ ይገባዋል። ከሁሉ ይልቅ ሊጠይቃቸው የሚገቡት ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ ጎርፍ ተጽፏልን? የቧንቧና የማጠራቀሚያ ውሃ ተጽፏልን? ውሉ የሚሸፍነው ሕንፃውን ብቻ ነውን ወይስ በውስጡ ያለውንም ዕቃ? ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለ ንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ስንት ነው? ካሳው የሚከፈለውስ ለማን ነው፥ ለባለ ንብረቱ ወይስ ላበደረው ባንክ?

ሁለተኛው መሰናዶ ዝርዝር ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት የንብረት ኢንሹራንስ የካሳ ውል ስለ ሆነ፥ የሚከፈለው ገንዘብ አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ካሳ ጠያቂው ምን እንደ ነበረውና ዋጋው ምን ያህል እንደ ነበረ ማስረዳት አለበት። «200 ኩንታል ጤፍ ነበረኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የተገዛበት ደረሰኝ፥ የገቢና የወጪ መዝገብ፥ የዕቃ ቈጠራ ሰነድ መቅረብ አለበት። በዚህም ረገድ የሐይቅ አገር የቆየ አብነት አለው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ባጸኑት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር የያዘ ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ጥንታውያን የመጻሕፍት ዝርዝሮች አንዱ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ርስትን፥ ንዋየ ቅድሳትንና መጻሕፍትን በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ የነበረው፥ ንብረት በቃል ብቻ ተጠብቆ እንደማይኖር ስላወቁ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረትም ይህንኑ ያጸናል። የዛሬው ባለ መጋዘን ከዚህ የሚማረው በየሦስት ወሩ ዕቃውን ቈጥሮ መመዝገብን፥ የሕንፃውንና የዕቃውን ፎቶግራፍ ማንሣትን፥ ከሁሉም በላይ የመዝገቡን አንድ ግልባጭ ከሱቁ ውጭ ማኖርን ነው። መዝገቡ ከዕቃው ጋራ አብሮ የረጠበበት ሰው ሁለት ጊዜ የተጎዳ ነውና።

ሦስተኛው መሰናዶ ዋጋን በየጊዜው ማደስ ነው። ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ኢንሹራንስ ያስገቡት ከብዙ ዓመት በፊት በነበረ ግምት ነው፤ አረቦኑ እንዳይበዛባቸው ሲሉም ዋጋውን ዝቅ አድርገው ያስመዘግባሉ። ነገር ግን ብረቱም፥ ሲሚንቶውም፥ ቆርቆሮውም ተወድዷል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ ይበልጥ ጨምሯል። ዋጋውን ዝቅ ያደረገ ሰው የሚያገኘው ካሳ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለምሳሌ ንብረቱ 6,000,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ ሳለ በ3,000,000 ብር ብቻ ኢንሹራንስ የተገባለት እንደ ሆነ፥ የ800,000 ብር ጉዳት ሲደርስ ኩባንያው የሚከፍለው ግማሹን፥ 400,000 ብር ነው፤ ምክንያቱም ለቀረው ግማሽ ባለ ንብረቱ የራሱ ኢንሹራንስ ሰጪ እንደ ሆነ ይቈጠራል። ከዚህም ላይ በውሉ የተጻፈው የራስ ድርሻ ይቀነሳል። በአረቦን ጥቂት ብር የቈጠበ ሰው በካሳ ብዙ ብር ያጣል ማለት ነው።

እነዚህ መሰናዶዎች ሁሉ ተፈጽመውም ውሃው ሊገባ ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚደረገው ሥራ ሥርዓት አለው። ከሁሉ በፊት የሰው ሕይወት ይቅደም። በውሃ ውስጥ ቆሞ የኤሌክትሪክ መቈጣጠሪያ መንካት ለሞት የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ ደረቅ ቦታ ላይ ሆኖ መብራቱን ማጥፋት የማይቻል ከሆነ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞችን መጥራት ይገባል። የጣራው ኮርኒስ ውሃ አዝሎ ካበጠ ወይም የጭቃው ግድግዳ ሥሩ ከላላ ማንም ሰው ከሥሩ እንዳይቆም። ቀጥሎ የውሃው መግቢያ ይዘጋ፤ የቧንቧ ከሆነ በቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ ይዞር፥ የጣራ ከሆነ ሸራ ይልበስ፥ የጎርፍ ከሆነ በአፈር የተሞላ ጆንያ በደጁ ይደርደር። ከዚህ በኋላ አንድም ዕቃ ሳይነሣ የውሃው ከፍታ በግድግዳው ላይ በምልክት ተይዞ፥ ሁሉም ነገር እንዳለ ፎቶግራፍ ይነሣ።

ፎቶግራፉ እንደ ተነሣ ዕቃውን ማዳን ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚስቱት ስሕተት አለ፤ «የኩባንያው መርማሪ ሳያየው አልነካም» ብለው የረጠበውን ከደረቁ ጋራ እንዳለ ይተዉታል። ይህ ትክክል አይደለም። ባለ ንብረቱ ጥፋቱ እንዳይስፋፋ ዐቅሙ የፈቀደውን የማድረግ ግዴታ አለበት፤ እያየ ዝም ያለው ጥፋት ካሳ ላይገኝበት ይችላል። ስለዚህ ደረቁን ዕቃ ወዲያው ለይቶ ወደ ሌላ ቤት ማዛወር፥ ውሃውን መጥረግ፥ በሮችንና መስኮቶችን ከፍቶ ነፋስ ማስገባት፥ ማራገቢያ ሲገኝ ማስነሣት ያስፈልጋል። እርጥበት ባለበት ቤት ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መብቀል ይጀምራል። የረጠበ ሰነድና መዝገብ በብርቱ ፀሐይ ሳይሆን በጥላ፥ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፥ በገጾቹ መካከል ደረቅ ወረቀት እየተደረገ ይደርቃል። የተበላሸውን ዕቃ ግን ማራቅ እንጂ መጣል አይገባም፤ ጉዳት ገማቹ እስኪያየው ድረስ ለብቻው ተከማችቶ ይቆይ። ለጤና የሚያሰጋ በመሆኑ መቆየት የማይችል ቢሆን እንኳ በኩባንያው ፈቃድ ወይም በባለ ሥልጣን ፊት ተቈጥሮ ቃለ ጉባኤ ተይዞበት ይወገድ።

እህልን በሚመለከት ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የረጠበ ጤፍ፥ በቆሎ ወይም ማሽላ በጆንያው ውስጥ ይሞቃል፥ ይሻግታልም፤ በበቆሎና በማሽላ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣሉ፤ ይህም መርዝ በማብሰል ፈጽሞ አይጠፋም። የጎርፍ ውሃ ደግሞ የመጸዳጃ ቤትን ቆሻሻ ይዞ ስለሚመጣ የነካውን የምግብ ዕቃ ሁሉ ያረክሳል። ይህን አድርቆና ከደረቁ ጋራ ቀላቅሎ ለገበያ ማቅረብ የራስን ኪሳራ በሌላው ሆድ ላይ መጫን ነው። ኢንሹራንስ ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው፤ ካሳ ያገኘ ነጋዴ የተበላሸውን እህል ለመሸጥ ችግር አያስገድደውም።

አሁን ወደ ካሳው ጥያቄ እንመለስ ዘንድ የሕጉን ቀነ ገደብ ማስታወስ ይገባል። የንግድ ሕጉ በ670ኛው ቁጥር እንደሚያዝዘው፥ ኢንሹራንስ የገባ ሰው አደጋ መድረሱን ባወቀ ጊዜ፥ ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካላገደው በቀር፥ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንስ ሰጪው ማስታወቅ አለበት። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የተባለው ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በስልክ መናገር ለፍጥነት ይጠቅማል፤ ነገር ግን የኋላ ክርክር እንዳይመጣ በዚያው ቀን በጽሑፍ አስታውቆ፥ የተቀበለው ሰው ፊርማና ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ማስቀረት ያስፈልጋል። በጽሑፉም ውስጥ የውሉ ቁጥር፥ ጉዳቱ የታወቀበት ቀንና ሰዓት፥ የውሃው መነሻ፥ የተጎዳው ዕቃ ዐይነት በግምት፥ ጥፋቱን ለመግታት የተደረገው ሥራ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የዕቃው ዝርዝር፥ ደረሰኞቹ፥ ፎቶግራፎቹ፥ የጥገናው የዋጋ ማቅረቢያ፥ ከቀበሌ ወይም ከማዘጋጃ ቤት የተሰጠ ማስረጃ ይቀርባሉ። ጎርፍ ወይም በረዶ ከሆነም በዚያን ቀን የወረደውን ዝናም መጠን የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሊያስረዳ ይችላል።

ካሳ ጠያቂው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የኢንሹራንስ ውል የሚክሰው ድንገተኛውን ጉዳት ነው እንጂ በቸልታ የቆየውን እርጅና አይደለም። ለብዙ ክረምት ሲያፈስስ የኖረ ጣራ፥ ለዓመታት ሲረጥብ የኖረ ግድግዳ በውሎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከካሳ ውጭ ነው። ሕጉ የባለ ንብረቱ ተራ ጥፋት ካሳውን እንዳያስቀር ቢፈቅድም፥ አውቆ ያደረሰውን ጉዳት ግን አይክስም። ስለዚህ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት አሸንዳውን ያስጠረገ፥ ቆርቆሮውን ያሳደሰ፥ ዕቃውን በእንጨት ርብራብ ላይ ከወለል ከፍ፥ ከግድግዳም ራቅ አድርጎ የደረደረ፥ ለዚህም ያወጣውን ወጪ ደረሰኝ ያኖረ ሰው፥ ጥፋቱ ድንገተኛ መሆኑን ለማስረዳት አይቸገርም። ውሃው የመጣው በሌላ ሰው ጥፋት ከሆነ ደግሞ፥ ለምሳሌ ከላይ ያለው ተከራይ ቧንቧ ከፍቶ የሄደ እንደ ሆነ፥ ካሳውን የከፈለው ኩባንያ በተከፋዩ ቦታ ተተክቶ ጥፋተኛውን የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ባለ ሱቁ በሽማግሌ ታርቄ ይቅር ብያለሁ ብሎ ኩባንያውን ሳያማክር ቢፈርም የራሱን ካሳ ሊያበላሽ ይችላል። ዕርቅ የተቀደሰ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሌላውን መብት አሳልፎ በሚሰጥ ጊዜ አስቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል።

በአከራይና በተከራይ መካከልም ነገሩ ተለይቶ መታወቅ አለበት። አከራዩ ለሕንፃው የገባው ኢንሹራንስ የተከራዩን ዕቃ አይሸፍንም፤ የተከራዩም ውል ሕንፃውን አይጠግንም። በሱቅ ኪራይ የምትተዳደር ቤተ ክርስቲያንም ሆነች ማዘጋጃ ቤት፥ የኪራዩን ውል በሚጽፉ ጊዜ ጣራውን የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ፥ ቧንቧውን የሚያስጠግነው ማን እንደ ሆነ፥ እያንዳንዱ ወገን ምን ኢንሹራንስ እንደሚገባ ለይተው ቢያስጽፉ፥ ከጎርፉ በኋላ የሚመጣውን ክርክር አስቀድመው ያጠፉታል።

ኩባንያው ካሳውን የከለከለ ወይም ያሳነሰ እንደ ሆነ ባለ ንብረቱ ተስፋ መቍረጥ አይገባውም። ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ የተጠቀሰውን የውሉን አንቀጽ ያስመርምር፤ ለኩባንያው የበላይ፥ ቀጥሎም የኢንሹራንስን ሥራ ለሚቈጣጠረው የመንግሥት አካል ያመልክት፤ ውሉ ግልግልን የሚያዝዝ ከሆነ በግልግል፥ ካልሆነም በፍርድ ቤት ይጠይቅ። ነገር ግን ከኢንሹራንስ ውል የሚነሣ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ የሚታገድ ስለ ሆነ፥ «ነገ እንነጋገራለን» በሚል ተስፋ ጊዜውን ማሳለፍ አደገኛ ነው። ኩባንያዎችም በበኩላቸው ሊያስቡት የሚገባ ነገር አለ። መርማሪያቸው በቶሎ ያልደረሰለት፥ ወረቀት በወረቀት ላይ እየተጠየቀ ክረምቱ ያለፈበት ነጋዴ ካሳው በመጨረሻ ቢከፈለውም ሱቁ ተዘግቶ ያገኘዋል። ጎረቤቶቹም ይህን አይተው ከኢንሹራንስ ይሸሻሉ፤ የዘገየ ካሳ ከተከለከለ ካሳ ብዙ አይለይም።

በሌላው ወገን ደግሞ ካሳ ጠያቂው እውነተኛ ይሁን። ያልነበረውን ዕቃ እንደ ነበረ፥ 20 ኩንታሉን 50 አድርጎ የሚያስመዘግብ ሰው የሰረቀው ከሩቅ ካለ ባለ ጠጋ ኩባንያ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የሰረቀው አረቦናቸውን ካዋጡት ከጎረቤቶቹ ነው፤ የእርሱ ሐሰት የሌሎቹን አረቦን ያስጨምራል፥ የእውነተኞችንም ጥያቄ በጥርጣሬ ያስመረምራል። የዕድርን ገንዘብ በሐሰት የወሰደ ሰው በአገሩ እንዴት እንደሚታይ የታወቀ ነው። ሕዝቡን የሚመክሩ ካህናት ይህን አንድነት ቢያስረዱ፥ ከብዙ የቍጥጥር ደንብ የበለጠ ሊሠራ ይችላል።

በመጨረሻም የባለ ሥልጣኖች ድርሻ አለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ፥ ቤትና ንብረትም ጠራርጎ ወሰደ። በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ከደጋው በወረደ ዝናም በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ማድረጉ፥ የውሃን መንገድ ዘግቶ መሥራት ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። ይህን የመሰለውን ጥፋት ገንዘብ አይክሰውም። ስለዚህ በቁልቁለት ሥር ባሉት እንደ ሐይቅና እንደ ውጫሌ ባሉ ከተሞች የመንገዱን ቦይ ከክረምት በፊት ማስጠረግ፥ በውሃ መውረጃ ላይ ሱቅ እንዳይሠራ መከልከል፥ የወለል ከፍታ ከመንገድ እንዳያንስ በግንባታ ፈቃድ ላይ ማዘዝ፥ ጉዳት በደረሰ ጊዜም ማስረጃውን በዚያው ሳምንት መስጠት የሹማምንት ሥራ ነው። አምስት ቀን በተወሰነለት ጉዳይ ላይ ማስረጃውን በወር የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት፥ ከጎርፉ የተረፈውን ንብረት ያስጠፋል።

እንግዲህ ለሐይቅና ለአምባሰል ባለ ንብረት ሁለቱም ትምህርት ከደጁ አይርቅም። ከውጫሌ፥ የውልን ቃል ከፊርማ በፊት መመርመርን፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ፥ ንብረትን በጽሑፍ መጠበቅን ሊማር ይችላል። ውሉን ያነበበ፥ ዕቃውን የመዘገበ፥ ጣራውን ያደሰ፥ ውሃው በገባ ጊዜም በመጀመሪያው ቀን ሠርቶ በአምስተኛው ቀን ያልተቀደመ ሰው፥ ክረምቱ ቢጎዳውም አያደኸየውም።